ያልደረቀው የእንጨት ካርታ

እንዳላማውን በስሙ የማያውቀው የደብረ ማርቆስ ሰው እንኳ የሠራውን በር ከፍቶ ገብቷል። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህች ከተማ በር ሲገጥም፣ አልጋ ሲያቆም፣ ቁም ሳጥን ሲሠራ የኖረ አናጢ ነው። የተወለደው ከጉንደ ወይን ወረድ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። አባቱ አራሽ ነበሩ። እሱ ግን ከማረሱ ይልቅ ሞፈርና ቀንበር መጥረቡ ደስ ይለው ስለነበር፣ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ከተማ ገብቶ አንድ አናጢ ዘንድ ተቀጠረ፤ በዚያው ቀረ።

ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ይህ ነገር በውስጡ ይቆጠቁጠው ነበር። ታዲያ ጉድለቱን የሚክስበት አንድ ነገር ነበረው፤ ዓይኑ። ሜትር ሳይዘረጋ የመስኮቱን ልክ ይናገራል፣ ሲለካም ከተናገረው ብዙ አይርቅም። ቫርኒሽ በቲነር ሲያቀጥን ለክቶ አያውቅም። መበጥበጫውን እንጨት ከፍ አድርጎ ጠብታው እንዴት እንደሚወርድ ያያል፤ «በቃ» ይላል፤ ይበቃል። ሰው ሲመክረው ግን አይወድም። «እኔ ይህን ስሠራ አንተ አልተወለድክም» የምትለው ቃል ከአፉ አትጠፋም ነበር።

ባለፈው ዓመት በሰኔ፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ዘመናይ የምትባል መምህርት በነጭ በትሯ እየተመራች ወደ ሥራ ቤቱ መጣች። ዘመናይ በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗን ያጠፋባት ሴት ናት። በከተማው ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ማየት የተሳናቸውን ልጆች ጂኦግራፊ ታስተምራለች። መጽሐፏን በጣቷ ታነባለች፤ የትምህርት ማስታወሻዋንም የምታዘጋጀው በዚያው በብሬል ጽሕፈት ነው። እንዳላማው ወንበር ጠርጎ አስቀመጣትና ምን እንደምትፈልግ ጠየቃት።

«ተማሪዎቼ ዓባይ ጎጃምን ይከባል ሲባል ይሰማሉ» አለችው። «እንዴት እንደሚከብ ግን አያውቁም። ጮቄ የት እንደ ቆመ፣ ውኃው በየት በየት እንደሚወርድ በጣታቸው እንዲያዩት ነው የምፈልገው። ከእንጨት ይሠሩልኛል?»

እንዲህ ያለ ሥራ የጠየቀው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ሰው እሱን የሚፈልገው ለበርና ለአልጋ ነው። አሁን ግን አስተማሪ መጥታ አገር ሥራልኝ አለችው። በደስታ እሺ አላት።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አለበል የተራራውና የሸለቆው ከፍታ የተጻፈበት ካርታ አሳትሞ ሰጠው። እንዳላማው ለሌላ ደንበኛ ያስቀመጠውን የደረቀ የዋንዛ ሳንቃ አወጣ፤ ሦስቱን ጎን ለጎን በኮላ አጣበቀና መቅረጽ ጀመረ። ክረምቱን እሱው ላይ አሳለፈው። ጮቄን ከመሀል አቆመው፤ ከጮቄ የሚወርዱትን እነ ጨሞጋን፣ ሙጋንና ሱሃን በቀጭን መሮ እንደ ክር አድርጎ ቆፈራቸው፤ የዓባይን በረሃ ከደጀን በታች ሁለት ጣት እስኪያስገባ ድረስ አጎደጎደው። አንዳንዴ በሩን ዘግቶ ዓይኑን ይጨፍንና በጣቱ ይሄድበታል። ጣቱ መንገድ ከሳተ መሮውን ያነሣል። በዕድሜው እንደዚያ ክረምት ሥራው ደስ ብሎት አያውቅም።

ቅርጹ ሲያልቅ ማሸጉ ቀረ። ዘመናይ አስቀድማ አስጠንቅቃው ነበር። የአርባ ልጅ እጅ በየቀኑ የሚዳብሰው እንጨት ባዶውን ከሆነ ላቡን ይጠጣና ይጠቁራል፤ ሲቆይም ስንጥር ያወጣል። ቫርኒሹም በዓመቱ ይላጣል። እንዳላማው ምን ይሻላል ብሎ ከሪማ ሱቅ ሄደ።

ከሪማ ከአባቷ የወረሰችውን የቀለምና የሕንፃ ዕቃ መደብር የምታስተዳድር፣ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። የምትሸጠውን ነገር ጠንቅቃ ታውቃለች፤ አጠቃቀሙን ሳትነግር ዕቃ ከእጇ አታወጣም። ነገሩን ስትሰማ ከላይኛው መደርደሪያ ሁለት ቆርቆሮ አወረደችለት። ኢፖክሲ የሚሉት ሙጫ ነው። ትልቁ ሙጫው፣ ትንሹ ማጠንከሪያው ነው፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ እንደ መስታወት ይጠነክራሉ። መንገድ ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። የሆቴል ጠረጴዛ የሚሠሩ ሰዎች ይወስዱታል።

«ሁለት እጅ ከዚህ፣ አንድ እጅ ከዚያ፤ በብርጭቆ ይለኩት እንጂ በዓይንዎ አይገምቱ» አለችው። «ወፍራም ነው፣ ማር ነው የሚመስለው። በዚህ ብርድ ደግሞ ይብሳል። እንዲሰርግልዎ ከፈለጉ ቆርቆሮውን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ያቁሙት፤ ራሱ ይቀጥናል። ቲነር የግድ ካሉ ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ እሱም መጀመሪያ ለሚቀቡት እጅ ብቻ። ከዚያ ካለፈ አይደርቅልዎም። ማጠንከሪያውንም ከልኩ እንዳይጨምሩ ጋሼ። የተረፈው ላይ ላይ ይቀርና ቆዳ ይበላል።»

በዚያች ሰዓት ሱቁ ውስጥ አንድ ሌላ አናጢ ሚስማር ሊገዛ ቆሞ ነበር። እንዳላማው እሱ ፊት እንደ ተማሪ መነገሩ አልተመቸውም። ከሪማ ስትናገር መደርደሪያውን እያየ «ገባኝ፣ ገባኝ» አለ። ዕቃውን ተሸክሞ ወጣ።

የነሐሴ ዝናብ የቆርቆሮ ጣራውን ሲደበድብ በዋለበት ቀን ሙጫውን ቀላቀለ። በዓይኑ ለካ። ብሩሹን ነክሮ ሲያነሣ ሙጫው እየተሳበ አልለቅ አለው። ጨሞጋ ላይ ቢያደርገው ያን የለፋበትን ቀጭን ጎድጓድ ደፈነው። ደንግጦ በጨርቅ ጠራረገ። ሚስቱን ጥሩነሽን ውኃ አሙቂልኝ ማለት ይችል ነበር። ግን ያቺ ሴት እንዳለችው ማድረግ ከበደው። የቲነሩን ጠርሙስ አነሣና ትንሽ ጠብ አደረገበት። አልቀጠነም። ደገመው። ሦስተኛው ላይ ማንኪያው ተረሳና ከጠርሙሱ ገለበጠ። መበጥበጫውን ከፍ አድርጎ ሲያየው ጠብታው እንደ ውኃ ወረደ። «በቃ» አለ።

ሲቀባው ግሩም ነበር። እንጨቱ ጠጣው፤ የዋንዛው መልክ ወጣ፤ ወንዞቹ ሁሉ ጠርተው ታዩ። ጥሩነሽ ሽታው አስነጥሷት ብቅ ብላ፣ ያን ሁሉ ቲነር ለምን እንደሚያፈስ ጠየቀችው። «ሥራዬን ልሥራ» ብሎ መለሳት።

በማግሥቱ አልደረቀም። በሦስተኛውም ቀን እጅ ይይዛል። የመኪና ገላ የሚጠግን ወዳጅ ነበረው፤ ያ ሰው ሲቸኩል ማጠንከሪያ ያበዛል፤ ያበዛው ዕለት ቶሎ ይደርቅለታል። እንዳላማው ይህን አስታውሶ ለሁለተኛው እጅ ማጠንከሪያውን በእጥፍ አደረገ፤ እንዳይወፍርበት ደግሞ ቲነር መለሰበት። ይህኛው ላይ ላዩን ቶሎ እንደ ወተት ስልባቦት ጋገረ፤ እዚህም እዚያም እንደ ጉም ነጣ። ጣት ፈጥኖ ካነሡ ደረቅ ይመስላል። መዳፍ ካሳረፉበት ግን ይዞ ይለቃል። እንዳላማው ይህን ያውቅ ነበር። መዳፉን አሳርፎ አይቶታል። የመስከረም ፀሐይ ሲያገኘው ይደርቃል ብሎ ራሱን አሳመነና ወስዶ አስረከበ።

ትምህርት ቤቱ ሰልፍ ላይ አቁሞ አመሰገነው፤ የምስክር ወረቀት ሰጠው። ከአራተኛ ክፍል ለወጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከሰልፉ በኋላ ዘመናይ ካርታው የተቀመጠበት ክፍል ገብታ በሁለት እጇ መሄድ ጀመረች። ጮቄን አገኘችው። ቁልቁል ወርዳ ደብረ ማርቆስን ጠየቀች፤ አሳያት። ከደጀን በታች ጣቶቿ ገደል ሲገቡ ሳቀች።

«እንዲህ ይጠልቃል እንዴ? በአውቶቡስ ስንወርድ ጆሮዬ የሚደፈነው ለካ ወደው አይደለም።»

ከዚያ ጣቶቿን አሸት አሸት አድርጋ አሸተተቻቸው። ትንሽ እንደሚይዝና እንደሚሸት ነገረችው።

«አዲስ ስለሆነ ነው፤ ይተዋል» አላት።

ዘመናይ ጠንቃቃ አስተማሪ ናት። ተማሪዎቹን ከማስነካቷ በፊት ካርታውን እንደ ጸሎት መጽሐፍ በቃሏ ልትይዘው ፈለገች። ስለዚህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን እየገባች አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ትዳብሰው ነበር። በስምንተኛው ቀን ጣቶቿን አሳከካት። በማግሥቱ ቀሉ፤ ከዚያ ውኃ ቋጠሩ፤ ከዚያ ቆዳው ተገሽልጦ ተነሣ። ሐኪሙ ምን እንደነካች ጠይቆ፣ ያንን ነገር ዳግመኛ እንዳትነካ አዝዞ ዐሥሩንም ጣት በፋሻ ጠቀለለው። ተማሪዎቹ አልነኩትም ነበርና ተረፉ። እሷ ግን ማንበብ ተሳናት። ለሌላው ሰው ጣት ቢቆስል ጣት ነው፤ ለእሷ ሁለተኛ መታወር ነበር።

አለበል እንዳላማውን አስጠራው። ቢሮው ውስጥ ሁለት መምህራን ነበሩ፤ ዘመናይም እጆቿን ጭኗ ላይ አኑራ ተቀምጣለች። ፋሻውን ሲያይ እንዳላማው ከበሩ ሊመለስ ምንም አልቀረውም። አለበል በቁጣ አልተናገረውም። «የቀቡት ነገር ምን እንደሆነ ይንገሩን፣ ሐኪሙ ማወቅ ይፈልጋል» ነበር ያለው።

እንዳላማው ውሸት አዘጋጅቶ አልሄደም ነበር። ኋላም ደጋግሞ ሲያስበው ከየት እንደመጣበት ሊገባው አልቻለም። «ዕቃው ነው» አለ። «ከከሪማ ሱቅ ነው የገዛሁት። መንገድ ተዘግቶ ሲከርም የተበላሸ ዕቃ ነው የሰጠችኝ መሰለኝ። እኔማ እንዳለችኝ ነው የቀባሁት።»

ማንም አልተጠራጠረውም። አንደኛው መምህር ራሱን ነቀነቀ፤ ዛሬ ነጋዴ እንዲህ ሆነ ብሎ አዘነ። እንዳላማውን ቡና ጋብዘው ሸኙት።

ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ እግር ያወጣል። ያ መምህር ለወንድሙ ነገረ፤ ወንድሙ የቤት ዕቃ ሠሪ ነው፤ በሳምንቱ የከሪማ ኢፖክሲ እጅ ይልጣል የሚለው ወሬ አናጢዎቹ መንደር ደረሰ። ጠረጴዛ የሚያሠራው ሆቴል የገዛውን ቆርቆሮ መለሰ። ተቆጣጣሪዎች መጥተው የዕቃውን ቀን አዩ። ምንም አላገኙም፤ ግን ሲገቡ ያያቸው ሰው ብዙ ነው። እንዳላማው አንድ ቀን ከአናጢዎቹ ጋር ሻይ ሲጠጣ አንዱ «ድሮስ ከነሱ...» ብሎ የጀመረውን ነገር ሳይጨርስ በእጁ ሃይማኖቷን የሚነካ ምልክት አሳየ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ከሪማ የሠላሳ ዓመት ጎረቤቱ ናት። እናቱ የሞተች ዕለት ድንኳን መትከያውን ገመድ የሰጡት የከሪማ አባት ነበሩ። እንዳላማው ብርጭቆውን እያየ ሻዩን ጨረሰ።

ከዚያ በኋላ በሱቋ በኩል አላለፈም። ግን እሷው መጣች። አንድ ጠዋት ሥራ ቤቱ በር ላይ ቆማ «እንዴት አደሩ ጋሼ» አለችና አንዲት የዋንዛ ቁራጭ ከወረቀት ፈትታ የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቁራጯ እንደ ውኃ ጠርታ ታበራለች።

«ከእርስዎ ዕቃ ጋር አንድ ላይ ከመጣው ነው የቀባሁት» አለች። «ይንኩት።»

ነካው። ጥፍሩን ጫነበት። ጠንካራ፣ ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ ነው። እጅ አይይዝም፤ አይሸትም።

«ስንት ቲነር ጨመሩበት ጋሼ?»

በሥራ ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም። ያን ጊዜ ቢናገር የሚሰማው እሷ ብቻ ነበረች። እንዳላማው ዓይኑን ከቁራጯ ሳያነሣ «እንዳልሽኝ ነው» አለ።

ከሪማ ጥቂት አየችው። «እሺ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ቁራጯን ትታለት ነበር የሄደችው። እንዳላማው ፊቱ እንደ እሳት ሲለበልበው ብቻውን ቆሞ ቀረ። የመጀመሪያው ውሸት አምልጦት ነው ሊባል ይችላል። ይህኛውን ግን እያወቀ፣ እውነቱን በእጁ ይዞ ነው የዋሸው። ቁራጯን አንሥቶ ከመላጊያው ፍቅፋቂ ሥር ወሸቃት።

በዚያው ቀን ምሳ ላይ ጥሩነሽ እንጀራውን ሳትቆርስ ተቀመጠች። ጥሩነሽ ነገር የምታበዛ ሴት አይደለችም። ወሬውን ከሰማች ሁለት ሳምንት አልፏት ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ቃል አልወጣትም። እንዳላማው ግን እንደምታውቅ ያውቅ ነበር፤ እሷም እንደሚያውቅ ታውቃለች።

«በከሪማ በር አልፌ ገበያ መሄድ አቃተኝ» አለችው። «ዛሬም በላይ በኩል ዞሬ ነው የመጣሁ። ከጠርሙሱ ስትገለብጥ አይቼሃለሁ። እንግዲህ እስከ መቼ ልዙር?»

እንዳላማው እንጀራውን ራሱ ቆርሶ መብላት ጀመረ። እሷም አልደገመችውም።

እንደዚያም ሆኖ እውነቱን ያስወጣችው ጥሩነሽ አልነበረችም። ከሦስት ቀን በኋላ ዘመናይ መጣች። በትሯን በፋሻው ላይ በመዳፏ ቆልፋ ይዛ፣ ድንጋዩን እየሳተች፣ ከወትሮው ይልቅ ቀስ ብላ ነበር የመጣችው። ወንበሩን አቀረበላት። እሷ ግን ለክስ አልመጣችም።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አለች። «ይህን ያህል የለፉበትን ሥራ አሳጣሁት። ሳይደርቅ ቸኩዬ የነካሁት እኔው ነኝ። ሽታውም ነግሮኝ ነበር። ለርዕሰ መምህሩም ያችን ባለሱቅ ሴት አታስቸግሯት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብያለሁ። እርስዎም ቅር እንዳይልዎ።»

እንዳላማው ከፊቷ ቆሞ ነበር፤ ተቀመጠ። እንደማታየው ያውቃል፤ ሆኖም ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ ነገራት። ከሪማ ያለችውን፣ እሱ ያደረገውን፣ ማንኪያውን፣ ጠርሙሱን፣ እጥፍ የሆነውን ማጠንከሪያ፣ ከማስረከቡ በፊት መዳፉን አሳርፎ እንዳየው ሁሉ ነገራት።

ዘመናይ ስትናገር ድምፅዋ ቅድም የመጣችበት ድምፅ አልነበረም።

«ያውቁ ነበር ማለት ነው» አለች። «አዲስ ስለሆነ ነው ሲሉኝ።»

«አውቅ ነበር።»

«እንግዲህ ይህን ለእኔ ብቻ ነግረው አይረፉ። ሴትዮዋን ያነሡት ሰው ባለበት ነው።»

ተነሣች። ስትወጣ ትከሻዋ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። እንዳላማው ሊይዛት እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ሊነካት አልደፈረም።

በማግሥቱ አለበል ዘንድ ሄደና የዚያን ዕለት የነበሩትን ሰዎች እንዲጠራለት ለመነው። አለበል ነገሩን ሲሰማ ከእሱ ይልቅ የተሳቀቀ መሰለ። ያለፈ አልፏል፣ በዚህ ዕድሜዎ በሰው ፊት ራስዎን አያዋርዱ፣ እኔ ቀስ ብዬ ለሰዎቹ እነግራለሁ አለው። ለጥቂት ጊዜ ይህ ሐሳብ ጣፈጠው። እሺ ሊል አፉን ከከፈተ በኋላ ነው እንቢ ያለው።

ሁለቱም መምህራን መጡ። እንዳላማው ኮፍያውን አውልቆ፣ ዕቃው ደኅና እንደነበረ፣ ያበላሸው እሱ እንደሆነ፣ የከሪማን ስም በሐሰት እንዳነሣ ተናገረ። ሌሊቱን ሲያቀናብረው ያደረው ንግግር አራት ዐረፍተ ነገር እንኳ አልሆነም። አንደኛው መምህር መስኮቱን ያይ ነበር። ወሬውን ለወንድሙ ያቀበለው ደግሞ አንገቱን ደፍቶ እስክሪብቶውን ይከፍትና ይዘጋ ነበር።

ከሪማ ሱቅ ሲደርስ ቅዳሜ ነበር፤ የገበያ ቀን። ሰው አለ። ሰው እስኪወጣ ልጠብቅ ብሎ አሰበ፤ ወዲያው ይህም ሌላ መደበቂያ መሆኑ ገባው። እዚያው ቆሞ ተናገረ። ከሪማ ለአንድ ገበሬ ሚስማር እየመዘነች ነበር፤ ሚዛኑን ሳትለቅ አዳመጠችው። ገበሬው ሚስማሩን ተቀብሎ ከወጣ በኋላ ቀና አለች።

«ያን ዕለት እንጨቱን ይዤ የመጣሁት ልከስዎ አልነበረም ጋሼ» አለች። «ሁለታችን ብቻ ሆነን እንድንጨርሰው ነበር። ለዚህ ነው በጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ የመጣሁት።»

እንዳላማው ይቅር በይኝ አላት። እሷም አላህ ይቅር ይበለን አለች። ይቅር ብዬዎታለሁ ግን አላለችም።

«ለእኔ የነገሩኝን እኔ ድሮም አውቀዋለሁ» አለችው። «ለአናጢዎቹ ይንገሩልኝ።»

ለአናጢዎቹ መንገሩ ከሁሉ ይልቅ ከበደው። ለርዕሰ መምህር መናገር የንስሐ ያህል ነው። ለሙያ ጓደኛ፣ ያውም «አልተወለድክም ነበር» እያለ ሲገላምጠው ለኖረው ወጣት፣ ቲነር መለካት አልቻልሁም ማለት ሌላ ነው። ከሥራ ቤት ሥራ ቤት እየዞረ ነገራቸው። አንዳንዱ አዘነለት። አንዳንዱ ፊት ለፊቱ ሳቀ። ሻይ ሲጠጡ በእጁ ምልክት ያሳየው ያ ሰው ሰምቶ እንዳልሰማ መጋዙን ቀጠለ። ከመካከላቸው አንድ ቀልደኛ «አያ ቲነር» የሚል ስም አወጣለት። ስሙ ተስማማው መሰል ጸና። ዛሬም መንደሩ ውስጥ እንዳላማው የት ነው ብሎ ከሚጠይቅ ይልቅ አያ ቲነርን የሚጠይቅ ፈጥኖ ያገኘዋል።

የተበላሸውን ካርታ ጭኖ አመጣው። ሊፍቀው ሞከረ፤ ሙጫው እንደ ማስቲካ እየተሳበ ከወንዞቹ ጋር ተነሣ። እሱንም የጎማ ጓንት አድርጎ እንኳ ክንዱን አሳከከው። በሦስተኛው ቀን ተወው። ዋንዛ ፈልጎ ከሥር ጀመረ። ኅዳርና ታኅሣሥን ቀረጸ። ጥር ላይ አየሩ ሲደርቅ ከሪማ ዘንድ ሄዶ ሙጫውን ገዛ። ሱቁ ዕቃ መሸጥ ጀምሯል፤ ያ ሆቴል ግን አልተመለሰም። ከሪማ ቆርቆሮውን ከመስጠቷ በፊት ልኩን እንዲነግራት ጠየቀችው። ሁለት ሰው ቆሞ እየሰማ «ሁለት እጅ ከዚህ፣ አንድ እጅ ከዚያ፣ ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ለመጀመሪያው እጅ ብቻ» አለ። «ውኃውስ?» አለችው። «ሞቅ ያለ» አለ።

ጥሩነሽ ውኃውን አሞቀችለት። ቆርቆሮው ውኃው ውስጥ ሲቆይ ሙጫው ራሱ እንደ ዘይት ላላ፤ ማንኪያዋ ቲነር ብቻ በቃችው። በቀጭኑ ሦስት እጅ ቀባው፤ በየመካከሉ አንድ ቀን አሳደረ፤ በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አደረገ። አልቆ ደርቆ ሳለ አንድ ወር ሙሉ ጥግ አቁሞት መዳፉን ሳያሳርፍበት የዋለበት ቀን የለም። ከዚያ በኋላ ነው ያስረከበው። በዚህ ጊዜ ሰልፍም ምስክር ወረቀትም እንዳይኖር አለበልን አስቀድሞ ለመነው።

የዘመናይ ጣቶች ቆዳ አውጥተዋል። የቀኝ ሌባ ጣቷ ግን፣ የምታነብበት ጣት፣ ጫፉ ደንዝዞ ቀርቷል። አሁን በግራዋ ማንበብ እየተማረች ነው፤ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊደሉ ይጠፋባታል። ሐኪሙም ሰውነቷ ያን ነገር ለይቶ ስላወቀው ጥቂቱም ቢነካት ሊመለስባት እንደሚችል ነግሯታል። የደረቀው አይጎዳም ቢላትም አትደፍርም። ስለዚህ አዲሱን ካርታ ነክታው አታውቅም።

እንዳላማው የካርታውን ማስቀመጫ እግር ሊያጠብቅ አንድ ቀን ክፍሉ ገብቶ ነበር። ትምህርት ላይ ነበሩ። ልጆቹ ካርታውን ከበው ይዳብሳሉ፤ ዘመናይ አንድ እርምጃ ርቃ፣ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሰብስባ ቆማለች። ጣታችሁ የት ደረሰ ብላ ትጠይቃለች፤ ይነግሯታል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ወንዝ በቃሏ ትነግራቸዋለች። አንዴም አልተሳሳተች። እንዳላማው ብሎኑን አጥብቆ፣ ድምፅ ሳያሰማ መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ።

ከተማው ትንሽ ነው፤ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። መጀመሪያ ሰሞን እንዳላማው ከሩቅ ሲያያት ትንፋሹን ውጦ፣ እግሩን አቅልሎ በጎኗ ያልፍ ነበር። አታየውምና ቀላል ነው። ሁለት ጊዜ እንዲህ አደረገ። በሁለተኛው ቀን ቤቱ ገብቶ እህል መቅመስ አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ባገኛት ቁጥር ይቆማል፤ «እንዳላማው ነኝ፣ መምህርት» ይላታል። እሷም በትሯን አቁማ ወደ ድምፁ ዞር ትልና ደኅንነቱን ትጠይቀዋለች፤ ስለ ጥሩነሽ ትጠይቀዋለች። ይመልስላታል። ስለ እጇ ሊጠይቃት እያሰበ ሳይጠይቃት ይለያያሉ።